ጉራቻ የሚባለው ነጭ ፈረስ

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ጭሮ ላይ ተኝቶ ያደረው ጭጋግ ገና አሁን መነሣቱ ነው። ከጨርጨር ተራሮች የሚወርደው የጥር ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ አስፋልቱ ግን ከወዲሁ ፀሐይ አግኝቶ መትነን ጀምሯል። እኔ ከመንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አርማለሁ።

ይህን ሁሉ የምነግርህ፣ ወዳጄ፣ የአየር ጠባይ ዘጋቢ ለመሆን ተመኝቼ አይደለም። ሰው ክፉ ነገር ሲያይ ሰዓቱንና የሰማዩን መልክ ስለማይረሳ ነው። ክፉው ነገር ምንድን ነው? ነጭ ፈረስ ነው።

የሙሽራ አጀብ ከሂርና በኩል መጣ። ከፊት ቪዲዮ ቀራጩ ባጃጅ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላው እያየ ይቀርጻል፤ ቀጥሎ ሙሽራውን የተሸከመው ፈረስ፣ ከፈረሱ ኋላ ጡሩምባቸውን የሚያስጮኹ መኪኖች። ፈረሱን በምን ልመስልልህ? ወተት ልለው አሰብሁ፤ ወተት አነሰበት። ጥጥ ልለው አሰብሁ፤ ጥጥ ደበዘዘ። ሥነ ጽሑፍ አጥንቼ፣ በሥነ ጽሑፍ እንጀራዬን እየበላሁ፣ አንድ ፈረስ ንጽጽር ሲያሳጣኝ ይታይህ። ሻይ ቤቷ አጠገብ ሲደርስ አንገቱን ቆልምሞ ቆመ፤ አልሄድም አለ። ልጓም ያዡ ሰውዬ አንገቱን መታ መታ አደረገና በስሙ ጠራው። «ና ጉራቻ፣ ና እንጂ!»

ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ወደ ሚኤሶ ለመውረድ ሞተሩ እስኪሞቅ የሚጠብቅ ይመስለኛል፣ ሻዩ ትን እስኪለው ሣቀ። ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው። «የዚህ አገር ሰው ቀለም አይለይም እንዴ?» አለኝ። አብሬው ሣቅሁ። ሣቄ ግን ከጥርሴ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ያ ነጭ ፈረስ ስለ ምን ጥቁር ተብሎ እንደሚጠራ በዚህች ከተማ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝና። ፈረሱ የእኔ ነበር።

የእንስሳ ቀለም ነገር ድሮም አይለቀኝም። ተማሪዎቼን ቅጽል ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የምደረድረው የፈረስ ቀለም ነው፤ ዳማ፣ ሐመር፣ ዳለቻ፣ አምባላይ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ደግሞ ቦራ። ዶሮዋስ ብትሆን? ገብስማው አለ፣ ወሰራው አለ፣ ዛጎልማው አለ። ሰው ለገዛ ቆዳው ጥቁር፣ ቀይ፣ ጠይም ብሎ አብቃቅቶ ለአውራ ዶሮ ሲሆን ግን ምላሱ እንዴት እንደሚፈታ አስተውለሃል? ሚኤሶ ገበያ ወርደህ በጎቹን አይተህ እንደሆነ ሰውነታቸው ያልተጻፈበት ወረቀት ነው፤ ራሳቸው ግን እስከ አንገታቸው ድረስ ጥቁር ነው። አንድ ሰው በኋላ እግራቸው ይዞ የቀለም በርሜል ውስጥ የዘፈቃቸው ይመስላሉ። የሜዳ አህያን ደግሞ አስባት። ያን የመሰለ መስመር ለብሳ፣ አንዱ ካንዱ ሳይዛነፍ፣ ዛሬም ድረስ ስሟ አህያ ነው። ታዲያ ስትከፋ አይቻት አላውቅም። ራሱ የጠቆረው በግም ነጩን ፍየል አይቶ ሣሩን አይተውም። ስለ እንስሳው ቀለም እንቅልፍ የሚያጣው ባለቤቱ ነው።

ባለቤቱ እኔ የሆንሁት እንዲህ ነው። አባቴ ወንጌላዊ ነበር። መኪና በማይገባበት የጨርጨር ደጋ ከመንደር መንደር የሚዞረው በባዝራው ላይ ተቀምጦ ነው። ባዝራዋን የሸጡለት ሐጂ ዩያ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲያረቡ የኖሩ፣ አባቴ በጾማቸው ፍቺ ቤታቸው የማይቀርባቸው፣ እሳቸውም በገናችን ከእኛ ቤት የማይጠፉ ሽማግሌ። እኔ ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ባዝራዋ ነጭ ነበረች። በስተርጅናዋ አንድ ውርንጭላ ወለደች። ጥቁር፤ ያውም የሌሊት ዓይነት ጥቁር። አባቴ ጉራቻ ብሎ ጠራው። ውርንጭላው ኮርቻ ሳይችል አባቴ ታሞ ዐረፈ፤ ባዝራዋም ብዙ አልቆየች። ለእኔ የቀረኝ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ኮርቻውና ጉራቻ ነው።

ጉራቻን አሳደግሁት። አራት ዓመት ሲሞላው ሲራመድ ለምድሩ የሚያዝን ይመስል ነበር፤ ሰኮናውን በቀስታ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ እጮኛዬ፣ ዛሬ ባለቤቴ የሆነችው ሌሊሴ፣ ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ስትወጣ ሸንኮራ ይዛለት ትመጣለች። እኔ ገጣሚ ነኝ ባይ በአጥር ሥር ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ እሷ ሰላም የምትለው መጀመሪያ ፈረሱን ነው። በዚያ አልቀናሁም። ቅናቴ ሌላ ቦታ ነበር።

ቅናቴ ጀማል ቤት ነበር። ጀማል የሐጂ ዩያ የእኅት ልጅ ነው፤ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ውበት ምንነት ስማር እሱ ከገለምሶ ጫት እየጫነ ይልክ ነበር። አይሱዙ ገዛ፤ አልቀናሁም። ባለፎቅ ቤት ጀመረ፤ መሠረቱን አብሬው መርቄያለሁ። አንድ ቀን ግን ከሂርና አንድ ነጭ ፈረስ ገዝቶ መጣ። ስሙ አዲ፤ ይኸውም በኦሮምኛ ነጭ ማለት ነው። ለንግድ አልገዛውም። ሰው ሲያገባ ያውሰዋል፣ ሙሽራ ይቀመጥበታል፣ ቪዲዮ ቀራጭ ይቀርጸዋል፤ ጀማል ከዳር ቆሞ ፈገግ ይላል። ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፌ ተቆረጠ።

ጉራቻ በግልቢያ አዲን ሦስት ጊዜ ይቀድመዋል። ነገር ግን ነጭ ፈረስ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ይዞራል፤ ጥቁር ፈረስ ሲያልፍ መንገድ ይለቅቃል። በመዞርና በመልቀቅ መካከል ያለውን ልዩነት ቀናተኛ ብቻ ነው የሚለካው።

አንድ ቀን ገለምሶ ላይ ሠርግ ነበረ። ጀማል አዲን ይዞ ሲሄድ ጉራቻንም ሚዜው እንዲቀመጥበት ለመነኝ፤ አብሬ ሄድሁ። ጋማውን አበጠርሁለት፣ ኮርቻውን ወለወልሁት። ሙሽሮቹ ተሰለፉ፤ ቪዲዮ ቀራጩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አሰበና እንደ ዋዛ እጁን አወናጨፈ። «ጥቁሩን ከፍሬም አውጡልኝ፤ ብርሃን ይበላብኛል።» ሚዜው ወረደ፤ ጉራቻን ስቤ ከአንድ የማሽላ አገዳ ክምር ኋላ አቆምሁት። እዚያ ሆነን ሁለታችን አዲ ሲቀረጽ አየን። ጉራቻ አገዳውን እየበላ ነበር። እኔ ደግሞ ራሴን።

ነገሩን ያባባሰችው ሌሊሴ ናት፤ ሳታውቅ። የዚያን ሠርግ ቪዲዮ ከጎረቤት ቤት ስናይ አዲ ብቅ ሲል «ውይ፣ ሲያምር» አለች። ሁለት ቃል ብቻ፤ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስና ስለ ኬኩም እንዲሁ ብላለች። እኔ ግን የተማርሁት ቃል መመርመር ነው። ሁለቱን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ገለበጥኋቸው፣ ተነተንኋቸው፣ የተደበቀ መልእክት ፈለግሁባቸው፤ ፈልጎ ለማጣት ደግሞ አልተማርሁም። የእኛ ሠርግ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ሌሊሴ ነጭ ፈረስ ትፈልጋለች ብዬ ደመደምሁ።

በማግሥቱ ጀማል ዘንድ ሄድሁ። ፈረሶቻችንን እንለዋወጥ አልሁት። ጀማል የጫት እስር እየቆጠረ ነበር፤ ቆጠራው ተምታታበት።

«አቦ፣ መምህር፣ ምን ነካህ? ለሠርግህ ከሆነ አዲን ውሰደው፤ ወር ሙሉ አንተ ጋ ይክረም» አለኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው አመስግኖ ይሄዳል። እኔ ግን የጀማል ቸርነት ራሱ አንገበገበኝ። በሠርጌ ቀን በተዋሰ ፈረስ ልቀመጥ? ሰው ሁሉ የጀማል ፈረስ እያለ ሊዞር? የለም፤ የራሴ መሆን አለበት አልሁ። ጀማል ግራ ገብቶት እውነቱን ነገረኝ፤ አዲ አርጅቷል፣ የሂርናው ሰውዬ ዕድሜውን ደብቆ ሸጦለት ኋላ ነው የነቃው፤ ጉራቻ ደግሞ ገና ለጋ ነው፣ ትጎዳለህ አለኝ። በልቤ «አየህ፣ ፈረሱን ላለመስጠት ሲያጣጥለው!» አልሁ። ቢያንስ አጎቴን ጠይቅ አለኝ፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ሳያየው ፈረስ አይለወጥም።

ሐጂ ዩያ ዘንድ ሄድሁ፤ ለይስሙላ። ጉራቻንም ይዤ ነበር። ሽማግሌው ጥርሱን እንኳ አላዩም፤ ራሱን ወደ ፀሐይ አዙረው የዓይኑን ዙሪያ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ፈረስ ጥቁር ሆኖ አይቀርም» አሉኝ። «እዚህ ዓይኑ ዳር ነጭ ጠጉር አለ፤ ታያለህ? እናቱም ስትወለድ ከከሰል ትጠቁር ነበር፤ እኔ ነኝ ያዋለድኋት። ለአባትህ ስሸጣት ነጥታ ነበር። ነጭ ፈረስ ነጭ ሆኖ አይወለድም፤ ወላሂ፣ ይነጣል እንጂ። ታገሥ።»

እስቲ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? የነጣ ከሰል አይተህ ታውቃለህ? አመድ ነው የሚሆነው። እኔ በጨዋነት አንገቴን ሰበር አድርጌ «እሺ ሐጂ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» ብዬ ወጣሁ። ከአጥሩ ውጭ ስደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ የታየኝ መሰለኝ። ሐጂ የማን አጎት ናቸው? የጀማል። ነጩ ፈረስ ከቤተ ዘመዳቸው እንዳይወጣ ተረት ፈጠሩልኝ እንጂ! ቅናት እንዲህ ነው፤ የሚመክርህን ሁሉ ሌባ ያደርግልሃል። ያውም እኔ አፈ ታሪክንና ሐቅን ለይቼ የማስተምር መምህር ነኝ።

ልውውጡን በሦስተኛው ቀን ፈጸምን፤ ጀማል ግቢ፣ የጫት አሳሪዎቹ ምስክር ሆነው። ለወጉ የአዲን አፍ ከፍቼ ጥርሱን አየሁ። ጥርሱ ረጅም ነበር። ረጅም ጥርስ የከበረ ዘር ምልክት መስሎኝ ደስ አለኝ። ከአሳሪዎቹ አንዷ ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለች፤ ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀንተው ነው አልሁ። የአባቴ ኮርቻ በባዝራዋ ጀርባ ልክ የተበጀ ስለነበረ ለጉራቻ እንጂ ለአዲ አልሆነውም፤ እሱንም ተውሁለት። ጀማል «ኮርቻው እንኳ ይቅር፤ የአባትህ ነው» ብሎ እስከ በር ተከተለኝ። ወንድ ልጅ ቃሉን አያጥፍም በሚል ኩራት ዞሬ አላየሁም።

ለሌሊሴ አልነገርኋትም። ያልተጠበቀ ደስታ ላደርግላት ነው፤ አዲን ጎረቤት ጓሮ ደብቄ፣ ጉራቻን ለሠርጉ እንዲወፍር ደጋ ግጦሽ ልኬዋለሁ አልኋት።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። አዲ ላይ ተቀምጬ ወደ እነ ሌሊሴ ቤት ስሄድ ሰው ዞረ። አቤት፣ እንዴት ዞረ! ከሱቅ ወጥቶ አየኝ፣ ከባጃጅ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ያን ሁለት መቶ እርምጃ አልረሳውም። ጭሮን ታውቃታለህ፤ ከአስፋልቱ ከወጣህ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ አዲ ቆመ። ተነፈሰ። ደግሞ ተነፈሰ። ቀጥሎ በታላቅ እርጋታ፣ ልክ እንደ ደከማቸው ባልቴት፣ የፊት እግሮቹን አጠፈና ተንበረከከ። እኔ በነጭ ሱፌ ከአንገቱ ላይ ተንሸራትቼ ጭቃው ላይ ወረድሁ። ቪዲዮ ቀራጭ ብዬ ያመጣሁት ያንኑ የገለምሶውን ሰውዬ አይደለም ወይ? አንዲት ቅጽበት ሳያመልጠው ቀረጸ።

የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት፤ አዲ ዐርፎ ሲነሣ ሚዜዬ እየሳበው ተከተለኝ። ሌሊሴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በእጇ አንድ ነገር ይዛለች። ሱፌን አላየችም። ጭቃውን አላየችም። ከኋላዬ ያለውን ፈረስ አየችና ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌላ የምትጠብቀው ያለ ይመስል አሻግራ ተመለከተች።

«ጉራቻስ?» አለችኝ።

የሱፌን ጭቃ ማራገፍ ጀመርሁ።

በእጇ የያዘችው ከቀይ ክር የተጎነጎነ የፈረስ ግንባር ጌጥ ነበር። ለካስ ያን ስድስት ሳምንት ከሥራ ስትመለስ የምትሠራው እሱን ኖሯል። ቀይ ክር የመረጠችው ጥቁር ላይ ስለሚደምቅ ነው፤ ልኩንም አስቀድማ የወሰደችው ሸንኮራ እያበላችው በመዳፏ ከጆሮ እስከ ጆሮ ለክታ ነው። አንዳችም አልተቆጣችም። ቀርባ አዲ ግንባር ላይ አሰረችው። ሰፋው፤ አንድ ዓይኑ ላይ ወረደ። ሽማግሌው ፈረስ በአንድ ዓይኑ እያየን ተሞሸርን።

አዲ ከእኛ ጋር አንድ ክረምት ከርሞ ሞተ። በመሞቻው ሰሞን ሐጂ ዩያ ሊጠይቁት መጡ፤ አፉን ገልጠው አዩና እናንተ ሰባተኛ ክፍል ሳላችሁ ይህ ፈረስ ሙሽራ ያጅብ ነበር አሉኝ። ረጅሙ ጥርስ የዕድሜ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሌላ የነገሩኝ የለም። ያስቀየሙኝም በዚህ ነው፤ «ብዬህ ነበር» ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉራቻስ? ጉራቻ መንጣት ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ዳሌው ላይ ክብ ክብ የጨረቃ ዓይነት ነቁጥ አወጣ፤ ፊቱ ፈዘዝ አለ። በሦስተኛው ዓመት ዳለቻ ሆነ። እኔስ ምን ሆንሁ? ጀማል በልብስ ሳሙና ያጥበዋል ብዬ ጠረጠርሁ። አትሣቅ፤ እውነቴን ነው። አንድ እሑድ ከጸሎት ስመለስ ፈረሱን ጀማል ደጃፍ ላይ ታስሮ አገኘሁት። ግራ ቀኝ አየሁና መሐረቤን በውኃ ነክሬ ጎኑን ማሸት ጀመርሁ። ቀለሙ እንዲለቅ እየጸለይሁ፣ ያውም ከጸሎት ቤት ወጥቼ። ጀማል በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«መምህር፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«አቧራ ነበረበት» አልሁ።

ጀማል መሐረቡን አየ፤ ፈረሱን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ገብቶ ሁለተኛ ጨርቅ ይዞ መጣና ሌላኛውን ጎን ያሽልኝ ጀመር። ሁለታችን ያን ፈረስ ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ አሸነው። መሐረቤ ንጹሕ እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በጀማል ሰፈር አላልፍም፤ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። ቀለሙ በነጣ ቁጥር መንገዴ ይረዝማል። ሌሊሴ ግን ታልፋለች፤ ሸንኮራም ሳትይዝለት አትቀርም። አልፎ አልፎ ማታ ራት ላይ «ጉራቻችን አንገቱም ነጣ» ትለኛለች። ጉራቻችን የምትለውን ቃል ስተነትን ወጡ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ የወግን ወግ ጠብቄ እዚህ ላይ ስለ ትዕግሥት አንድ ነገር እንድልህ ትጠብቃለህ። አልልህም፤ አልተማርሁትማ። ዛሬ ጠዋት ያ ፈረስ በአባቴ ኮርቻ ሙሽራ ተሸክሞ ሻይ ቤቷ ፊት ሲቆም መጀመሪያ ያሰብሁት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በሙሽራው ቀናሁ። ቀጥዬ በጀማል፣ ቀጥዬ በልጓም ያዡ። ሹፌሩ እንኳ ምንም ሳያውቅ መሣቅ በመቻሉ ቀናሁበት። አንድ ለውጥ ግን አለ። ጢሜ ገብስማ ሆኗል፤ ጠዋት በመስታወት ሳየው ነጩ ገና ጥጉ ላይ ብቻ ነው። ከማንም ሳልለውጥ ያገኘሁት ነጭ እሱ ብቻ ነው፤ ዕድሜዬንም እንደ አዲ መደበቂያ የለኝም።

ልጓም ያዡ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠራው። ፈረሱ አንገቱን ወደ እኔ እንዳዞረ ነበር፤ ወይም ወደ ሻይ ቤቷ የሸንኮራ ቅርጫት። ሸንኮራውን ነው። ከዚያ ሄደ።

ሹፌሩ ሻዩን ጨርሶ ሲነሣ ያ ፈረስ የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የጀማል ነው አልሁት።

አባቴ የተወልኝን ፈረስ አጣሁ።